ፓርኪንሰን፦ ከእርጅናና ከእርግማን ጋር የሚምታታው በሽታና እንክብካቤው

አንድ አዛውንት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ሲያጥርና ድምፃቸው ሲሰልል በብዙ አካባቢዎች የሚሰጠው ምላሽ «እርጅና ነው» የሚል ነው። ተመሳሳይ ምልክት በጉልምስና ዕድሜ ላይ ባለ ሰው ሲታይ ደግሞ ነገሩ ወደ እርግማን፣ ወደ ዓይነ ጥላ ወይም ወደ መጠጥ ይተረጎማል። ሁለቱም ትርጓሜዎች ሕመምተኛውን ከጤና ተቋም ያርቁታል። ከእነዚህ ምልክቶች በስተጀርባ ግን ፓርኪንሰን የተባለ የአንጎል በሽታ ሊኖር ይችላል። በሽታው እስካሁን ፈውስ አልተገኘለትም፤ ምልክቶቹን ለዓመታት የሚያስታግሥ መድኃኒት ግን አለው። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድና ቤተሰቡ በአግባቡ የሚደግፈው ሰው እየሠራ፣ እየተጫወተና ቤቱን እየመራ ረጅም ዘመን ሊኖር ይችላል። ይህ ጽሑፍ የበሽታውን ምንነት፣ ምልክቶቹን፣ ሕክምናውንና በየቤቱ ሊደረግ የሚገባውን እንክብካቤ ያብራራል።

የበሽታው ምንነት

በሽታው ስያሜውን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ የስድስት ሕመምተኞችን ሁኔታ በመግለጽ በሽታው ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አሳየ። የተወለደበት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ ዛሬ የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ሆኖ ይታሰባል።

በአንጎላችን ውስጠኛ ክፍል ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ። ዶፓሚን የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው በተቃና መንገድ እንዲተላለፍ ያደርጋል። ነገሩን በመስኖ መመሰል ይቻላል፤ ቦዩ ሳይደፈርስ፣ ማሳውም ሳይበላሽ ምንጩ ቀስ በቀስ ቢነጥፍ ሰብሉ መጠውለጉ አይቀርም። በፓርኪንሰን ሕመምተኛም ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ ትእዛዙን የሚያደርሰው ዶፓሚን ግን እያነሰ ይሄዳል። ምልክቶቹ ጎልተው የሚታዩት ከሕዋሳቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከጠፉ በኋላ እንደሆነ ይገመታል። በዚህም ምክንያት በሽታው ከመታወቁ በፊት ለዓመታት ሳይታይ ይቆያል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከበሽታው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ቁጥሩ በ25 ዓመታት ውስጥ በእጥፍ አድጓል። በአብዛኛው የሚታየው ከ60 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ላይ ሲሆን ወንዶችን ከሴቶች ይልቅ ያጠቃል። ከ50 ዓመት በታች ያሉ ሰዎችም ይያዛሉ። ስመ ጥሩው ቡጢኛ መሐመድ አሊ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲታወቅበት 42 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖሯል።

በሽታው አይተላለፍም። ከሕመምተኛው ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ፣ በአንድ ስኒ መጠጣትም ሆነ አንድ መኝታ መጋራት ጉዳት የለውም። በዘር የሚወረሰውም በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅ ለመዳርም ሆነ ጉርብትና ለመመሥረት እንቅፋት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ምልክቶቹ

ዋና ዋናዎቹ የእንቅስቃሴ ምልክቶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እጅ ይጀምርና እጁ ሥራ ፈትቶ ጭን ላይ ባረፈበት ጊዜ ይብሳል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መቁጠሪያ የሚቆጥሩ ይመስል ይተሻሻሉ። እጁ ዕቃ ለማንሣት ሲዘረጋ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዝግታ ነው። ቁልፍ መቆለፍ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ሽንኩርት መክተፍ ወይም እንጀራ መቁረስ ከወትሮው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የእጅ ጽሑፍ እየደቀቀ ይሄዳል። ሲራመዱ አንዱ እጅ አይወዛወዝም፤ ፊትም ስሜት የማይነበብበት ይሆናል። ቤተሰብ ይህን የፊት ሁኔታ ኩርፊያ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ እውነቱ ግን የፊት ጡንቻዎች መዘግየታቸው ነው።

ሦስተኛው የጡንቻ ግትርነት ነው። ትከሻን፣ አንገትንና ወገብን ስለሚይዝ ብዙዎች «ብርድ መታኝ» ወይም «ቁርጥማት ነው» በማለት በመታሸት ዓመታትን ያሳልፋሉ።

አራተኛው የሚዛን ማጣት ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ሲሆን ለመውደቅና ለስብራት ይዳርጋል።

ከእንቅስቃሴ ውጭ የሆኑ ምልክቶችም አሉ፤ አንዳንዶቹም መንቀጥቀጡ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ይታያሉ። የማሽተት ችሎታ መቀነስ አንዱ ነው፤ ቡና ሲቆላ ሽታው የማይሰማው ሰው ጉንፋን ከሌለበት ሊያስተውለው ይገባል። የማያቋርጥ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ እየጮኹ መማታትና መራገጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ድብርት፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ማዞርም ከእነዚሁ ይመደባሉ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን በሽታው አለ ለማለት አያበቃም፤ ተደራርበው ሲታዩ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ተገቢ ነው።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለም

ሁሉም የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አይንቀጠቀጥም፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉም የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አይደለም። ስኒ ሲያነሡ ወይም ሲጽፉ ብቻ የሚመጣ፣ ሁለቱንም እጆች የሚይዝና በቤተሰብ ውስጥ የሚታይ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የቆየ የመጠጥ ልማድን ድንገት ማቆም፣ አንዳንድ የአስም መድኃኒቶችም እጅን ያንቀጠቅጣሉ።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፓርኪንሰንን የሚመስል ሁኔታ በመድኃኒት ምክንያትም ሊከሰት መቻሉ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማቅለሽለሽና ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ የዶፓሚንን ሥራ ያግዳሉ። በዚህ ምክንያት የመጣ ግትርነትና መንቀጥቀጥ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲቀየር በአብዛኛው ይሻሻላል። ስለዚህ ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

አንድ ጎን በድንገት ከከዳ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተቋረጠ ግን ጉዳዩ ፓርኪንሰን ሳይሆን የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ፓርኪንሰን በወራትና በዓመታት እንጂ በአንድ ሌሊት አይመጣም።

ፀረ ተባይና የአርሶ አደሩ ጤና

የፓርኪንሰን መነሻ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ አንድ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ፣ ዘርና አካባቢ ተጣምረው የሚያመጡት እንደሆነ ይታመናል። ከአካባቢያዊ ምክንያቶች መካከል ለአርሶ አደሩ በቀጥታ የሚመለከተው የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካል ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ ኬሚካሎች በተደጋጋሚ የሚጋለጡ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ፓራኳት የተባለው ፀረ አረምና ሮቴኖን የተባለው ፀረ ተባይ ናቸው።

ለዚህ ጥርጣሬ መጠናከር አንድ ክስተት አስተዋጽኦ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በሕገ ወጥ መንገድ የተመረተ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ልክ እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ ደርቀው ቀሩ። ምርመራው በዕፁ ውስጥ የነበረ አንድ ኬሚካል ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳትን መግደሉን አረጋገጠ። ኬሚካሉ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚለወጥበት ንጥረ ነገር ደግሞ በኬሚካዊ አወቃቀሩ ከፓራኳት ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፓራኳት ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ በጥቅም ላይ እንዲውል አይፈቀድም።

ይህ ማለት ኬሚካል የረጨ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አደጋውን የሚወስነው የተጋላጭነቱ መጠንና ድግግሞሽ ነው፤ እርሱ ደግሞ በአርሶ አደሩ እጅ ነው። ስለዚህ፦

በርጭት ጊዜ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ይገባል። ነጠላ መከናነብ መከላከያ አይሆንም።

ነፋስ ከጀርባ እንዲመጣ አድርጎ መርጨት፣ በኃይለኛ ነፋስ ጊዜም ርጭቱን ማቆየት ያስፈልጋል።

ኬሚካልን በባዶ እጅ ወይም በቤት ዕቃ ማማሰል አይገባም። የረጩበትን ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ለይቶ ማጠብ፣ ሳይታጠቡም ምግብ አለመንካት ተገቢ ነው።

ባዶውን የኬሚካል ጀሪካን ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ መጠቀም ፈጽሞ ክልክል ነው። ደጋግሞ ማጠብ መርዙን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም።

ተባይ በታየ ቁጥር ከመርጨት በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይበጃል። በእጅ ማረም፣ ሰብል ማፈራረቅና ወቅቱን ጠብቆ ማረስ የኬሚካሉን ፍጆታ ይቀንሳሉ።

ምርመራና ሕክምና

ፓርኪንሰንን በደም ምርመራ ብቻ መለየት አይቻልም። ሐኪሙ የሕመሙን ታሪክ ጠይቆ፣ አረማመድን፣ የእጅ ፍጥነትንና የጡንቻን ግትርነት አይቶ ይወስናል። የራስ ቅል ምስል ሊታዘዝ ይችላል፤ ዓላማው በአብዛኛው ሌሎች በሽታዎችን ማስወጣት ነው። ቤተሰብ የአረማመዱንና የእጁን ሁኔታ በስልክ ቀርጾ ቢወስድ ለሐኪሙ ይረዳል።

በአገራችን የነርቭ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባና በታላላቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ነው። በገጠር ያለ ሰው ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ደረጃ በደረጃ መሄድ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የአገልግሎቱ ተጠቃሚ እንዲሆን የሪፈር ወረቀቱን ይዞ መሄድ አለበት። በሽታው ከታወቀ በኋላ ክትትሉን በአቅራቢያ ሆስፒታል በውስጥ ደዌ ሐኪም መቀጠል ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ወጪንና ድካምን ይቀንሳል።

ዋነኛው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። አንጎል ውስጥ ሲገባ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። አብሮት የሚሰጠው ካርቢዶፓ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ እንዳይባክን ያደርገዋል፤ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል። የሁለቱ ጥምር የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ በመዘገባቸው መድኃኒቶች ውስጥ ይገኛል። ትራይሄክሲፌኒዲል የተባለውም መድኃኒት ለመንቀጥቀጥ ይሰጣል፤ በአረጋውያን ላይ ግን መርሳትንና መቃዠትን ሊያስከትል ስለሚችል ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሌሎች አገሮች በስፋት የሚሠራ፣ አንጎል ውስጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የመትከል ቀዶ ሕክምናም አለ። እርሱም ቢሆን ምልክቶችን የሚያቃልል እንጂ በሽታውን የሚነቅል አይደለም።

መድኃኒቱና ሰዓቱ

በፓርኪንሰን ሕክምና ከመድኃኒቱ ዓይነት ባልተናነሰ ሰዓቱ ይወስናል። ሌቮዶፓ በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በሽታው እየቆየ ሲሄድ ሕመምተኛው መድኃኒቱ ሲሠራ ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ደግሞ ይደርቃል። ጠዋት ገበያ የሄደ ሰው ከሰዓት በኋላ ከመቀመጫው መነሣት ቢያቅተው ስንፍናም ማስመሰልም አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓትና ምሽት 1 ሰዓት ብሎ ካዘዘ ሰዓቱ ሳይዛነፍ መጠበቅ አለበት። የስልክ ማንቂያ፣ የሬዲዮ ዜና ሰዓት ወይም የልጆች ከትምህርት ቤት መመለሻ ለማስታወሻነት ያገለግላሉ።

መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ግትርነትና የአእምሮ መዛባት ሊያስከትል ይችላል። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ መሄድና በሰዓቱ መውሰድ ይኖርበታል፤ እምነቱንና መድኃኒቱን አንዱን ለአንዱ መተው አያስፈልግም። በለቅሶ፣ በሠርግና በጉዞ ጊዜም መድኃኒቱ ከኪስ ሊለይ አይገባም። እንክብሎቹ ሊያልቁ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ፍለጋ መጀመርም ብልህነት ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱ ሁልጊዜ ላይገኙ ይችላሉና።

ማቅለሽለሽ፣ ሲነሡ ማዞር፣ ከልክ ያለፈ መወራጨት ወይም የሌለ ነገር ማየት ከታየ ለሐኪም መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ መጠኑን መቀነስ አይገባም። ለማቅለሽለሹም ሜቶክሎፕራማይድ ገዝቶ መውሰድ በሽታውን ያባብሳል።

ምግብ፣ ጾምና ባቄላ

ሌቮዶፓ ምግብ ከመብላት 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ወይም ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢወሰድ የተሻለ ይሠራል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ የያዙት ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ይሻማልና። ፕሮቲኑን መተው ግን አይገባም፤ ሰውነት ይከሳል። አብዛኛውን ወደ እራት ማድረግ ለአንዳንድ ሕሙማን ይረዳል። የደም ማነስ የብረት እንክብልም ከሌቮዶፓው ጋር በአንድ ጊዜ አይወሰድም።

ባቄላ፣ በተለይም እሸቱና ቅርፊቱ፣ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱን በባቄላ ለመተካት ይሞክራሉ። ይሁን እንጂ መጠኑ እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ እድገት ደረጃው ስለሚለያይ ምን ያህል እንደተወሰደ ማወቅ አይቻልም። ባቄላ ምግብ ነው፤ የመድኃኒት ምትክ አይደለም።

ጾምን በተመለከተ ሕመምተኛው ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ተማክሮ መድኃኒቱና ውኃው እንዳይቋረጡ ማድረግ ይኖርበታል። ለሆድ ድርቀት ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ጎመን፣ ፍራፍሬና ተልባ ይጠቅማሉ።

የመዋጥ ችግር የጀመረው ሰው ተጋድሞ መብላት የለበትም። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ወደ ታች አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ መጉረስ አለበት። ደረቅ ቆሎና ዳቦ ሊያንቁት ስለሚችሉ በወጥ የራሰ እንጀራና ገንፎ ይሻላሉ። ሲበላና ሲጠጣ ደጋግሞ የሚያስለው ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር።

ቤቱን ማመቻቸት

ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ ከበሽታው በላይ መውደቅ ይጎዳዋል። መከላከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከመኝታ እስከ በርና እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ ከዕቃ ነፃ ማድረግ፣ የሚያንሸራትት ጉዝጓዝና የተጠቀለለ ምንጣፍ ማንሣት፣ ከፍ ያለውን የበር ደፍ ማስተካከል ይገባል። ግድግዳው ላይ የሚያዝ እንጨት መምታት ይረዳል። ምድጃና ከሰል ባለበት ብቻውን እንዳይቀመጥ ያድርጉ። ለሌሊት ባትሪ መብራትና የመሽኛ ዕቃ አጠገቡ ይቀመጥ።

ዝቅተኛ ዱካ ለመነሣት ስለሚያስቸግር ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው ወንበር ይሻላል። መጸዳጃውም መቀመጫና መያዣ ቢሠራለት ጥሩ ነው። ቁልፍ ከሚበዛበት ልብስ ይልቅ ላስቲክ ያለው ሱሪ፣ ከክር ጫማም ያለክር የሚጠለቅ ይመረጣል። ስኒና ብርጭቆ ግማሽ ብቻ ይሞሉ።

አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛው በር ላይ ወይም መታጠፊያ ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ የተተከለ ያህል ይቆማል። በዚህ ጊዜ መጎተት ይጥለዋል። ይልቁንም ይቁም፣ ይተንፍስ፣ ክብደቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘዋውር፤ ከዚያም ፊቱ የተጋደመ ዱላ ወይም የተሠመረ መሥመር ለመሻገር ያህል አንድ ሰፊ እርምጃ ያንሣ። «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር ወይም በጭብጨባ ምት መስጠትም እግሩን ያላቅቀዋል።

እንቅስቃሴ፣ ሥራና ማኅበራዊ ሕይወት

አካላዊ እንቅስቃሴ የሕክምናው አካል ነው። በየቀኑ እጅን እያወዛወዙና እርምጃን እያሰፉ መራመድ፣ ትከሻንና ወገብን ማፍታታት ሚዛንን ይጠብቃል። ምት ያለው ጭፈራም እንቅስቃሴን ያቀላል። ድምፁ የሰለለ ሰው መዝሙር በማዜም ወይም ጮክ ብሎ በማንበብ ድምፁን ማጎልበት ይችላል።

ሥራ መተው አለበት ማለትም አይደለም። ዛፍ ላይ መውጣት፣ ኬሚካል መርጨት፣ በማጭድ ማጨድና ኃይለኛ በሬ መያዝ መቅረት ይኖርባቸዋል። መሬቱን ለዘመድ ወይም በእኩል ማሳረስ፣ ዶሮና ንብ እርባታን መከታተል፣ የችግኝ ቦታን መንከባከብና ልምድን ለልጆች ማስተላለፍ ግን ይቻላል። በዕድሩና በሽምግልናው ሲቀመጥ ንግግሩ ቢዘገይ ጎረቤት ታግሦ ያዳምጠው፤ የዘገየው አንደበቱ እንጂ ማስተዋሉ አይደለም። በሽታው ሲገፋ መርሳት የሚጀምራቸው ሰዎች አሉ፤ ይህም ሲታይ ለሐኪም ሊነገር ይገባል።

ድብርት ከበሽታው ጋር አብሮ የሚሄድ ሕመም ነው፤ «ልቡ ስለተሰበረ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ መድኃኒት አለውና።

አስታማሚውን ማን ያስታም?

የእንክብካቤው ሸክም ብዙውን ጊዜ በሚስት ወይም በሴት ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሌሊት ተነሥታ የምታገላብጥ፣ ቀን የምትመግብና የምታጥብ ሴት ጤናዋ ሲጎዳ ሕመምተኛውም ይጎዳል። ልጆችና ዘመዶች ቀን ተከፋፍለው ተራ ቢገቡ፣ ለአጨዳና ለውቂያ የሚጠራው ደቦ ለዚህ ቤት ለውኃና ለእንጨትም ቢደርስ ሸክሙ ይቀላል። ሰዎች የመድኃኒቱን ሰዓት አብረው ካወቁ እርሷ በሌለችበት የሚስተጓጎል ነገር አይኖርም።

በአዲስ አበባ፣ ከበሽታው ጋር የሚኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ሕሙማንንና ቤተሰቦቻቸውን ያሰባስባል፤ ስለ በሽታውም ግንዛቤ ይፈጥራል። ለመዲናዋ ቅርብ የሆኑ ቤተሰቦች ሊጠይቁት ይችላሉ።

አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሕመምተኛው ወድቆ ራሱን ከመታ ወይም መቆም ካቃተው፣ መድኃኒቱን መዋጥ ካልቻለ፣ ትኩሳት ከብርቱ ግትርነት ጋር ከታየበት፣ በድንገት ከቃዠ፣ ከምግብ በኋላ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሕይወቱን የማጥፋት ሐሳብ ከተናገረ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሆስፒታል ሲተኛም የመድኃኒቱ ሰዓት ተጽፎ ለነርሶች ይሰጥ፤ በሌላ ሕመም ምክንያት ተኝቶ የፓርኪንሰን መድኃኒቱ የተረሳበት ሰው ይባስ ሊደርቅ ይችላልና።

እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃው ያጠረ ወይም ፊቱ የደረቀ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለ ለምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ መሄድ የቅርብ ሰው ድርሻ ነው። ፓርኪንሰን ከሆነ መድኃኒት አለው፤ ሌላ ሕመም ከሆነም ምክንያቱ ይታወቃል።